እሳት አጥፍቶ የገባ ሰው ለምን እንቅልፍ ያጣል? ከአደጋው በፊት ትኩረትን ስለማለማመድ



ባለፈው ስለ ቃጠሎ የመጀመሪያ እርዳታ ጽፌ ነበር (ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ እንጂ የጥርስ ሳሙና አይደለም፣ አሁንም እደግመዋለሁ)። ያንን ያነበበች አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ዶክተር፣ የተቃጠለውን አከማችሁት። እሳቱን ያጠፋውንስ?» ጥያቄዋ ጥሩ አድርጎ ያዘኝ። ምክንያቱም በዚያው ሰሞን ጊዳ አያና ውስጥ አንድ ሰው እያየሁ ነበር። ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬ ልንገራችሁ።

ባጃጅ ነጂ ነው፣ በሠላሳዎቹ ውስጥ። የመጣው «ጨጓራዬን አሞኛል» ብሎ ነው። ጨጓራውን መረመርኩት፣ መድኃኒትም ጻፍኩለት። ሊወጡ ሲሉ አብራው የመጣችው ባለቤቱ በሩ ላይ ቆም አለችና «ዶክተር፣ ቡና ስቆላ ጥሎኝ ይወጣል፤ ይሄም የጨጓራ ነው?» አለችኝ።

መልሼ አስቀመጥኳቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከወራት በፊት ጎረቤት ቤት ሌሊት እሳት ተነስቶ ነበር። እሱ በጀሪካን ውሃ ይዘው ከሮጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ቆርቆሮውን ገንጥሎም ገብቷል። አንድ ሰው አወጣ፣ ሌላውን ግን አልደረሰበትም። ሰፈሩ «ጀግና» አለው፣ ተመሰገነ፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። እሱ ግን ቡናው ማጨስ ሲጀምር ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ያቺ ሌሊት ፊቱ ላይ ትመጣለች። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ተነስቶ የምድጃውን ከሰል ይፈትሻል። በዚያ ቤት በኩል የሚወስድ ተሳፋሪ ከመጣም «አልሄድም» ይላል። ለማንም አልተናገረም፤ ምክንያቱም «እኔ ምን ሆንኩና? የሞተባቸው እያሉ!»

ይህ ፒ ቲ ኤስ ዲ የምንለው፣ ከአሰቃቂ አደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጤና ሕመም ነው። ከአደጋ በኋላ ለቀናት ወይም ለሁለት ሦስት ሳምንት መደንገጥ፣ መቃዠት፣ ማልቀስ የተለመደ ነው፤ ብዙው ሰው በራሱ ጊዜ ይሻለዋል። ነገር ግን ያ ትዝታ ሳይጠሩት እየመጣ፣ ሰውየው የሚያስታውሰውን ሁሉ እየሸሸ፣ ስሜቱና አስተሳሰቡ እየጨለመ፣ ሰውነቱም ሁልጊዜ እንደተደናገጠ ሆኖ ከአንድ ወር በላይ ከቆየና ሥራውን፣ ትዳሩን፣ እንቅልፉን ካበላሸበት ሕክምና ያስፈልገዋል። ዓለም አቀፉ የጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በሕይወት ዘመኑ ይህ ሕመም የሚያጋጥመው ሰው 3.9 በመቶ ገደማ ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ልውሰዳችሁ። በ2018 እ.ኤ.አ. ቢ ኤም ጄ ኦፕን በተባለ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የአዲስ አበባን የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞች በመጠይቅ መርምሮ ነበር። ወደ 20 በመቶው፣ ማለትም ከአምስት አንዱ ገደማ፣ የፒ ቲ ኤስ ዲ ምልክት ተገኝቶበታል። በእርግጥ መጠይቅ በሐኪም ፊት ከሚደረግ ምርመራ ጋር እኩል አይደለም፣ ሁለቱም ቁጥሮች የተለኩበት መንገድ ይለያያል። ቢሆንም ልዩነቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እነዚህ እኮ 939 ስንደውል የሚመጡልን ሰዎች ናቸው! መጋቢት 2009 ቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲሞት የቆፈሩ አሉ። ጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል በዚያ ጠባብ መንገድና ግርግር መሀል የታገሉ አሉ። እኛ ቪዲዮውን አይተን፣ ተክዘን፣ ስልካችንን ኪሳችን ከተትን። እነሱ በሚቀጥለው ተራቸው ሌላ ጥሪ ይጠብቃቸዋል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በገጠሩና በትንንሽ ከተሞቻችን እሳት አጥፊው ጎረቤት ነው። ባጃጅ ነጂው፣ ባለሱቁ፣ መምህሩ፣ ከመስክ የተመለሰው ገበሬ፣ ሁሉም በደቦ ነው የሚወጣው። ጓንት የለም፣ ጭንብል የለም፣ ሥልጠና የለም። የሚያወጡት ሰው ደግሞ የማያውቁት ሰው አይደለም፤ ትናንት አብረውት ቡና የጠጡ ናቸው። በሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ የሆነውን አስታውሱ፦ መጀመሪያ የተናደው አፈር ሰዎችን ሲቀብር ጎረቤቱ ሊያወጣቸው ወጣ፣ ከዚያ ሁለተኛው ናዳ የረዳቱን ሰዎች ጭምር ወሰደ። እዚህ ምሥራቅ ወለጋ ላይ ደግሞ ባለፉት ዓመታት በነበረው ግጭትና መፈናቀል ብዙ ሰው ገና ከበፊቱ የተሸከመው ነገር አለ። እሳቱ በዚያ ላይ ነው የሚጨመረው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ከማይሠራው ልጀምር፣ ምክንያቱም በደግነት የሚደረግ ስህተት ነው።

አንዱ፣ አደጋው እንደተጠናቀቀ ሁሉንም ሰብስቦ «ያያችሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገሩ፣ አውጡት!» ማለት ነው። ይህ አሠራር ታሪክ አለው። በ1983 እ.ኤ.አ. ጄፍሪ ሚቼል የተባለ፣ ራሱም እሳት አጥፊ የነበረ አሜሪካዊ ነው መልክ አስይዞ ያስፋፋው፤ ሐሳቡም ቅን ነበር። በኋላ ግን ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲገመገሙ የአንድ ጊዜው የግድ ንግግር ፒ ቲ ኤስ ዲን እንደማይከላከል፣ አንዳንዱንም እንደሚያባብስበት ታየ። የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ይህ ማለት ግን ሰው ዝም ይበል ማለት አይደለም! መናገር የፈለገ ይናገር፣ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ሻይ ስጡት፣ ወደ ቤቱ ሸኙት። የሚጎዳው ማስገደዱ ነው።

ሁለተኛው ዲያዜፓም ነው። «እንቅልፍ እንዲወስደው» ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛው ኪኒን ከአሰቃቂ አደጋ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር እንዲሰጥ አይመከርም፤ ሱስም አለው። አረቄና ጫትም እንደዚያው። አረቄ ያስተኛል ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፤ ጫት ደግሞ በራሱ ንቁ የሆነውን ሰውነት የባሰ ያነቃዋል። ባጃጅ ነጂው ወዳጄ ሁለቱንም ሞክሯል፣ ጨጓራውም ከዚያ ነው የመጣው ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከአደጋው በኋላ ብቻ ሳይሆን ከአደጋው በፊት ሊሠራ የሚችል ነገር አለ ወይ? ተመራማሪዎች ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ትልቅ ቦታ ሰጥተው ያዩት አንድ ነገር ትኩረት ነው። ትኩረት ስል ተማሪ ቤት «አተኩር!» የሚባለውን ብቻ አይደለም። ዓይናችንና ሐሳባችን አስፈሪ ነገር ሲገጥመው የት ይሄዳል? እዚያው ተጣብቆ ይቀራል? ሸሽቶ ይጠፋል? ወይስ አይቶት ያልፋል?

ለታካሚዬ በራሱ ሙያ ነው ያስረዳሁት። «መንገድ ላይ ጉድጓድ ሲኖር ምን ታደርጋለህ?» አልኩት። ሳቀ፤ የእኛን መንገድ የሚያውቅ ሰው ለዚህ ጥያቄ ይስቃል። «አየዋለሁ፣ አልፈዋለሁ» አለ። ልክ ነው። ጉድጓዱ ላይ ዓይኑን የተከለ ነጂ ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ጉድጓዱን ማየት ያልፈለገም ይገባል። ጥሩ ነጂ ያየዋል፣ ይለካዋል፣ ከዚያ ዓይኑ ወደፊት ይሄዳል።

የእስራኤሉ ተመራማሪ ያኢር ባር-ሃይምና ባልደረቦቹ ወታደሮችን ሲከታተሉ ያገኙት ከዚህ ጋር ይቀራረባል። በእውነተኛ አደጋ ውስጥ እያሉ ትኩረታቸው ከአስፈሪው ነገር የሚሸሽባቸው ወታደሮች በኋላ ለፒ ቲ ኤስ ዲ የበለጠ ተጋላጭ ሆነው ታዩ። ስለዚህ ከ700 በላይ እግረኛ ወታደሮችን ወደ ግዳጅ ከመሄዳቸው በፊት በዕጣ ከፋፍለው ለአንዱ ቡድን አጭር የኮምፒውተር ልምምድ ሰጡ። ስክሪኑ ላይ አንድ አስፈሪና አንድ ተራ ነገር ለቅጽበት ጎን ለጎን ይታያል፤ ከዚያ በአንዱ ቦታ ትንሽ ምልክት ብቅ ይላል፤ ወታደሩ ቁልፍ ይጫናል። ምልክቱ በአስፈሪው ቦታ እየደጋገመ ሲመጣ አእምሮ ሳይሸሽ ማየትን ይለምዳል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት እንዳሳየው አራት ጊዜ የተለማመዱት ከግዳጅ በኋላ ፒ ቲ ኤስ ዲ የያዛቸው ካልተለማመዱት ያነሱ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ይህ ለጤነኛ ሰው፣ ከአደጋ በፊት የተሰጠ ነው። የታመመን ሰው «አስፈሪውን እያየህ ተለማመድ» ማለት አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካና እስራኤል ውስጥ በታመሙ የቀድሞ ወታደሮች ላይ በተሠራ ጥናት የተሻለው ሌላ ዓይነት ልምምድ ነበር፤ ምልክቱ በአስፈሪውም በተራውም ቦታ እኩል የሚመጣበት። ማለትም ለእነሱ የጠቀመው ትኩረታቸው ወዲያና ወዲህ መዋዠቁን አቁሞ መርጋቱ ነው።

«ዶክተር፣ እኛ ኮምፒውተር የት አለን?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እሺ፣ ያለ ኮምፒውተር የሚሠራም አለ። አሜሪካ ማያሚ ውስጥ አሚሺ ጃ የተባሉ የአእምሮ ተመራማሪ ለወታደሮች፣ በኋላም ለእሳት አጥፊዎች ያዘጋጁት የትኩረት ልምምድ አለ፤ ዋናው ሐሳብ ቁጭ ብሎ ትንፋሽን መከታተል፣ ሐሳብ ሲሄድ መመለስ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናታቸው እሳት አጥፊዎቹን ሦስት ቦታ ከፈሏቸው፦ አንዱ የትኩረት ልምምድ፣ አንዱ ሰውነትን የማዝናናት ልምምድ፣ አንዱ ምንም። ከአራት ሳምንት በኋላ ከፈተና ተመልሶ የመቆም አቅማቸው በተሻለ ሁኔታ ያደገው የትኩረቱ ቡድን ነው፤ ከእነሱም ውስጥ በሳምንት ብዙ ቀን የተለማመዱት የበለጠ ተጠቀሙ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህ ጥናት ፒ ቲ ኤስ ዲን እንደሚያስቀር አላረጋገጠም፤ አቅምን ነው የለካው። «ተከላካይ ክትባት ተገኘ» የሚል ፖስት ካያችሁ አትመኑት። ግን ዋጋ የለውም፣ ለጤነኛ ሰው የሚያስፈራ ጉዳት የለውም፣ ለዚህ ነው የምመክረው።

እንዴት ይሠራል? ተመራማሪዋ በቀን 12 ደቂቃ ያህል ነው የሚመክሩት። እኔ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ እላለሁ፤ 12 ብዬ የነገርኳቸው ሰዎች በሁለተኛው ቀን ነው የሚተዉት። ጠዋት ከሥራ በፊት ይሻላል። ወንበር ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ እግር መሬት ይንካ። ትንፋሽ በአፍንጫ ሲገባና ሲወጣ የሚሰማችሁ አንድ ቦታ ምረጡ፣ እዚያ ላይ ሁኑ። ትንፋሹን አታስረዝሙት፣ አታሳጥሩት፣ ዝም ብላችሁ ተከታተሉት። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ሐሳባችሁ የቤት ኪራይ ላይ ወይም ትናንት የተጣላችሁት ሰው ላይ ይሆናል። ጥሩ! «ሄደ» በሉና መልሱት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አልችልበትም፣ ሐሳቤ ይበተናል» ብሎ ያቆማል። ስፖርቱ እኮ መመለሱ ነው። ሃያ ጊዜ ሄዶ ሃያ ጊዜ ከመለሳችሁት ሃያ ጊዜ ክብደት አነሳችሁ ማለት ነው።

ይህ ሲለመድ ማስፋት ይመጣል። ዓይን ተከፍቶ፣ ትኩረትን ከትንፋሽ አውጥታችሁ በዙሪያው ያለውን ድምፅ ሁሉ ስሙ፦ ወፍጮ ቤቱን፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ፣ የልጆቹን ጩኸት። አንዱን ሳትመርጡ፣ ሳትፈርዱ። ከዚያ መልሳችሁ ወደ አንድ ነገር ማጥበብ። ማጥበብና ማስፋት፣ ማጥበብና ማስፋት። እሳት ቦታ ላይ የሚፈለገው ይኸው ነው፤ የተያዘው ቱቦ ላይ ብቻ ያተኮረ ሰው ጣሪያው ሲያጋድል አያይም፣ ሁሉንም የሚያይ ሰው ደግሞ እጁ ላይ ያለውን ይስታል። ስለዚህ በሥራ ላይ ላላችሁ በየመሀሉ አንድ ትንፋሽ ወስዳችሁ «እግሬ የት ነው? ከላይ ምን አለ? መውጫው የት ነው? አጠገቤ ማን አለ?» ብሎ ራስን መጠየቅን በልምምድ ቀን አስገቡት። በጭንቅ ሰዓት የሚመጣው የተለመደው ነገር ነውና።

«ይሄ ከጸሎት ጋር አይጋጭም?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። አይጋጭም። ትንፋሽን መከታተል ብቻ ነው፣ የማንም ሃይማኖት ሥርዓት የለበትም። እንዲያውም መቁጠሪያ ወይም ተስቢህ ይዘው የሚጸልዩ ሰዎች ሐሳብ ሲሄድ መመለስን ቀድመው ስለሚያውቁት ቶሎ ይገባቸዋል።

ጥንቃቄም አለ። አሁን በፒ ቲ ኤስ ዲ እየተሠቃየ ያለ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ ያ ምስል ገፍቶ ሊመጣበት ይችላል። እንዲህ ከሆነ ዓይን ይከፈት፣ ከትንፋሽ ይልቅ ውጭ ያለ ነገር (ዛፍ፣ ስኒ፣ የእግር መሬት መንካት) ላይ ይታረፍ፣ ጊዜውም ሁለት ደቂቃ ይሁን። ከባሰ ይቁም፣ ወደ ሐኪም ይመጣ።

ስለ ስልካችንም አንድ ነገር ልበል፣ ይህን የምታነቡት በእሱ ነውና። ከአደጋ በኋላ የአደጋውን ቪዲዮ ደጋግሞ ማየት ትኩረትን እዚያው ጉድጓድ ላይ መትከል ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ከቦስተን ማራቶን ፍንዳታ በኋላ በተሠራ ጥናት በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዜናውን ሲከታተሉ የነበሩ ሰዎች ቦታው ላይ ከነበሩት የበለጠ ጭንቀት አሳይተው ነበር። እባካችሁ የተቃጠለ ሰው ቪዲዮ በቴሌግራም አትላኩ፤ ለእሳት አጥፊ ወንድማችሁማ በፍጹም! በተቃራኒው ደግሞ ስልክ የሚጠቅምበት ያልተጠበቀ መንገድ አለ። እንግሊዝ አገር የመኪና አደጋ ደርሶባቸው ሆስፒታል የመጡ ሰዎች በስድስት ሰዓት ውስጥ አደጋውን በአጭሩ አስታውሰው 20 ደቂቃ ያህል ቴትሪስ (ያ ጡብ የመደርደር ጌም) ሲጫወቱ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ድንገት የሚመጣባቸው ምስል ካልተጫወቱት በጣም ያነሰ ሆነ። ምክንያቱ ቅርጽ ማገላበጥ አእምሮ ምስሉን የሚያትምበትን ቦታ ስለሚሻማው ነው ተብሎ ይታሰባል። ከወር በኋላ ፒ ቲ ኤስ ዲን ስለማስቀረቱ ግን ማስረጃው ጠንካራ አይደለም። ቲክቶክ ማገላበጥም ቴትሪስ አይደለም፣ እንዳትሸውዱኝ።

ለአሠሪዎችና ለቀበሌ ኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። ጭንብል ሳትሰጡ፣ ፈረቃ ሳትቀይሩ፣ እረፍት ሳትሰጡ «በትንፋሽ ተለማመድ» ብላችሁ ሠራተኛውን ብታሰለጥኑት ይህ ጽሑፍ ለመጥፎ ዋለ ማለት ነው። ትኩረት የሚበላው አንደኛው ነገር እንቅልፍ ማጣት ነው። ከከባድ አደጋ የተመለሰ ሠራተኛ መጀመሪያ ይተኛ፣ ከዚያ በወሩ አንድ ሰው «እንዴት ነህ? እንቅልፍስ?» ብሎ ይጠይቀው። በደቦ ለወጣው ጎረቤትም ያው ነው፤ የሰፈር እድር ለሐዘንተኛው ድንኳን ሲተክል እሳቱን ያጠፉትን ልጆችም ስማቸውን ይዞ በወሩ ቢጠይቃቸው ምን ይከፋል? ገንዘብ አይጠይቅም።

ምልክቱ ከወር ካለፈ፣ ወይም ከዚያ በፊትም ቢሆን ሰውየው «ብሞት ይሻላል» ካለ፣ አትጠብቁ። መጀመሪያ ቅርባችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ፤ ለእኛ አካባቢ ነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ፣ አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል አለ። ሕመሙ ይታከማል። በአሰቃቂው ትዝታ ላይ የሚሠራ የንግግር ሕክምና አለ፤ እንደ ሰርትራሊን ያሉ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰዱ መድኃኒቶችም አሉ። ስትሄዱ «ጨጓራ ነው» አትበሉ፤ እሳት እንደነበረ፣ እናንተም እዚያ እንደነበራችሁ ተናገሩ። እኛ ሐኪሞችም ካልነገራችሁን አንጠይቅም፤ ይህ የእኛ ጥፋት ነው። እኔን ራሴን ያዳነችኝ በሩ ላይ የቆመችው ባለቤቱ ናት።

ባጃጅ ነጂው አሁን በሕክምና ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ባጃጁ ውስጥ ቁጭ ብሎ አምስት ደቂቃውን ይሠራል፤ ተሳፋሪ ሲመጣ «ቆይ፣ ዘይት እያየሁ ነው» ይላል አለችኝ ባለቤቱ እየሳቀች። ቡናው ሲቆላ አሁንም ይወጣል። ግን በረንዳው ላይ ነው የሚቆመው፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ ይገባል።

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ ስለ እንቅልፍ ማጣት በሚቀጥለው ሳምንት እመለስበታለሁ። ይህንን ለምታውቁት እሳት አጥፊ ወይም በሰፈራችሁ እሳት ሲነሳ ቀድሞ ለሚሮጠው ሰው ላኩለት።